የዕድር ድንኳን ለኦፔራ

ከዕድር ከመባረር ሞት ይሻላል እንዳልል፣ ከዕድር የተባረረ ሰው ደህና አድርጎ መሞትም አይችልም። ማን ድንኳን ይተክልለታል? ማን ንፍሮ ይቀቅልለታል? ማንስ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ «ደግ ሰው ነበር» ብሎ ይዋሽለታል? ቡታጅራ ውስጥ ጡረታ የወጣች መበለት ብዙ ንብረት የላትም። የኔ አንድ ግቢ፣ አንድ የአቮካዶ ዛፍና አንድ ዕድር ነው። ባለፈው ሰሞን የዕድሩ ጉባኤ «ትባረር ወይስ አትባረር» ብሎ በእኔ ጉዳይ ተሰብስቦ ነበር። ምክንያቱን ስነግራችሁ አትሳቁ። ካልቻላችሁም ድምፃችሁን ቀንሱ፤ የዕድሩ ዳኛ ሐጂ ሸምሱ ቤታቸው ቅርብ ነው።

ምክንያቱ ኦፔራ ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ስልክ ቤት ነው፤ ሞባይል ከመምጣቱ በፊት፣ ቡታጅራ ከሌላው ዓለም ጋር በእኔ እጅ በኩል በምትነጋገርበት ጊዜ። የአንዱን ሰው ገመድ ከሌላው ጋር እሰካ ነበር። «ሀሎ»፣ «ይጠብቁ»፣ «ይናገሩ»፣ «ጨርሰዋል?» ከዚህ ያለፈ ንግግር ሥራዬም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልፈለግሁ። ሌላው ሲያወራ ስሰማ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የማወራው ነገር እንደሌለኝ ደረስኩበት። ሰፈሩ «ዝምተኛ» ይለኛል። ጎረቤቴ ዘነበች ግን እንዲህ ያለ ለስላሳ ቃል አትወድም፤ «ደረቅ» ነው የምትለኝ። ዘነበች የሰፈራችን ዋና አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት ደጃፍ ስትደርስ የምታሰማው ድምፅ ደህናውን ሰው ያሳምማል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ባለቤቴ የሞተ ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ። «እሷ አይወጣላትም» ብለው ትተውኛል። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ወደ ኦፔራው ልመለስ። ናሆም የሚባል የቲያትር አዘጋጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሰርቪስ ክፍሌን ተከራየ። አያቱ የመስቃን ሰው ስለነበሩ «ወደ ሥሬ ተመለስኩ» ይላል። ሥሩን ሲፈልግ ያገኘው የኔን ሰርቪስ ክፍል ነው። በጠራራ ፀሐይ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። «ማዘርዬ» እያለ፣ በ«አንቺ» ነው የሚያናግረኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን ኮስተር ብዬ ሳየው «እናቴንም አንቺ ነው የምላት» አለኝ። እናቱን አላውቃቸውም፤ አዘንኩላቸው።

«ማዘርዬ፣ ኦፔራ ማለት ሁሉ ነገር የሚዘፈንበት ድራማ ነው» አለኝ።

«ሁሉ ነገር?»

«ሁሉ ነገር። ‹በሩን ዝጊው› እንኳን ይዘፈናል።»

«በሩ እስኪዘጋ ብርዱ ገብቶ አለቀ በለኛ።»

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው።

ተዋንያኑን ያሰባሰበው ከከተማው ወጣቶች ነው፤ አብዛኞቹ በትምህርት ቤት በዓል ላይ የሚዘፍኑ ልጃገረዶች ናቸው። ዋናው ድምፀኛ ግን ሙሉጌታ የሚባል የስፖርት መምህር ነው። ሙሉጌታ ደረቱ በርሜል ያህላል፤ ድምፁም ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ናሆም ደግሞ «ከልምምድ ውጪም እየዘፈናችሁ ተነጋገሩ፣ አፋችሁ ይልመደው» ብሎ አዘዛቸው። ከዚያ ወዲህ ሙሉጌታ ደጄ ላይ ቆሞ «ናሆም አለ ወይ» የምትለዋን ጥያቄ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች እያደረገ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እያጀበው ይዘፍናታል።

ዘነበች በአጥር ላይ ብቅ አለች።

«አንቺ ሴትዮ! ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያጓራው? አታስገቢውም?»

«እስኪጨርስ እየጠበቅኩ ነው።»

«ምኑን?»

«‹አለ ወይ› የሚለውን።»

ናሆም ሥራው እንደሌላው አዘጋጅ እንዳይሆን የማይቆፍረው ጉድጓድ አልነበረም። ሰው የለመደውን ነገር ሁሉ ገልብጦ ካላየው እንቅልፍ አይወስደውም። መጀመሪያ አዳራሹን ጣለው። ከተማው መድረክ ያለው፣ መጋረጃ ያለው፣ ወንበር ያለው አዳራሽ ፈቅዶለት ነበር። እሱ ግን «መጋረጃ ውሸት ነው፤ መድረክም ትዕቢት ነው። ሰው ከሰው በላይ ቆሞ ለምን ይዘፍናል?» አለ። ይህን ሲናገር ግቢዬን ሥጋ ነጋዴ በሬ እንደሚያይ ነበር የሚያየው።

ቀጥሎ ሙዚቀኞቹን ደበቃቸው። «ድምፁ ከሁሉም አቅጣጫ መምጣት አለበት» ብሎ ማሲንቆውን እንሰቱ ውስጥ፣ ከበሮውን ኩሽና፣ ሳክስፎኑን አቮካዶ ዛፌ ላይ አደረገው። ሳክስፎን ነፊው ቀጭን ልጅ ነው፤ ግን ከፍ ያለውን ድምፅ ሲያወጣ ከቅርንጫፉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። በዚያ ወር ከዛፌ ላይ የበሰለውም ያልበሰለውም አቮካዶ ረገፈ።

ታሪኩን ሲነግረኝ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ በርበሬ ነጋዴ ይሞታል። ሚስቱ ሬሳው ራስጌ ቁጭ ትላለች፤ አልቃሾች ይዘፍናሉ። በለቅሶው መሀል ሬሳው ከተኛበት ብድግ ብሎ በሕይወቱ ሳለ ለሚስቱ ያልነገራትን ሁሉ በዘፈን ይነግራታል።

«ሬሳው ነው የሚዘፍነው?»

«ሬሳው ነው። የኛ ሀገር ወንድ በሕይወት እያለ ሚስቱን መቼ አናግሮ ያውቃል?»

ይህንን እንኳን ልከራከረው አልቻልኩም። «ወንድሜም በርበሬ ነጋዴ ነው» ብቻ አልኩት። ተክሌ ይባላል፤ ቆሼ ነው የሚኖረው፤ ከእሱ በቀር የሥጋ ዘመድ የለኝም። ናሆም «እንዴት ደስ ይላል!» አለ። አልሰማኝም ነበር። ፊቴን ነበር የሚያየው።

«ማዘርዬ፣ ፊትሽ ምንም አይልም!»

«አመሰግናለሁ።»

«ስድብ አይደለም! በኦፔራ ዓለም እንዲህ ያለ ፊት ተፈልጎ አይገኝም።»

«እዚህም ፈልጎት የሚያውቅ የለም።»

የሚስቲቱን ቦታ ለኔ ሰጠኝ። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን ሚስቲቱን ዋና ዘፋኝ ያደርጋት ነበር፤ እሱ ግን ቃል እንዳትተነፍስ ፈለገ። «ቁጭ ማለት ብቻ ነው። የመጣ ሰው ምንም ቢልሽ አትመልሺ፤ ከተናገርሽ ኦፔራው ፈረሰ።» እኔም ዕድሜ ልኬን በነፃ የሠራሁትን ሥራ አሁን ጥበብ ነው ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ኮራሁ። ሰው የሚሞኘው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

የመጨረሻውና የከፋው ፈጠራው ማስታወቂያ አለመለጠፉ ነው። ቲኬት የለም፣ ጥሪ የለም፤ የለቅሶውን ዘፈን እንኳን ሰፈሩ አስቀድሞ እንዳይሰማው ከከተማ ውጪ ነበር የምንለማመደው። «ድምፁን ሰምቶ የገባ ሁሉ ተመልካች ነው» አለ። ያን ጊዜ ነው ድንኳኑን የጠየቀኝ።

የዕድራችን ድንኳን የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው፤ ዕቃ ቤቴ ስለማያፈስ ቁልፉ ለኔ ተሰጥቷል። ደንቡ አጭር ነው፦ ድንኳኑ ለሞት እንጂ ለሌላ አይወጣም። ለሠርግ አይወጣም፣ ለበዓል አይወጣም። ሙሉጌታ ራሱ ሲያገባ ጠይቆ ተከልክሏል። ለሙሽርነቱ የተነፈገውን ድንኳን አሁን በኦፔራው ሬሳ ሆኖ ሊያገኘው ነው።

«ሞት ከሌለ አይወጣም» አልኩት ናሆምን።

«ኦፔራው ውስጥ ሞት አለ እኮ፣ ማዘርዬ።»

በዚያን ሰዓት አሳማኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጽፈው ግን እጄ ያፍራል።

«ድንኳን ካዩ ሰዎች ይመጣሉ» አልኩት ደግሞ።

«ይምጡ! የምፈልገው እሱን አይደል? ሰዎቹን ለኔ ተይልኝ።»

እኔም ተውኩለት። ሄዶ ያነጋግራቸዋል፣ እንደ ልጃገረዶቹ ያሠለጥናቸዋል ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። እሱ ግን አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። ድንኳን ያየ መንገደኛ «ምን ይሆን?» ብሎ አንገቱን አስግጎ የሚገባ መስሎታል። ቡታጅራ ውስጥ ድንኳን ያየ ሰው አይጠይቅም። ነጠላውን አዘቅዝቆ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ ቀስ ብሎ ይደርስበታል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ምሳ ከተበላ በኋላ። ድንኳኑ ተተከለ። ሙሉጌታ አልጋ ላይ ተጋድሞ በነጭ አንሶላ ከእግር እስከ ራሱ ተሸፈነ። እኔ ጥቁር ለብሼ ራስጌው ተቀመጥኩ። ናሆም እንሰቱ ውስጥ ከማሲንቆው ጋር ተደብቆ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ልጃገረዶቹ ተሰልፈው «በርበሬ ነጋዴው፣ ምነው ጥለሃት ሄድክ» የሚለውን ለቅሶ ጀመሩ።

ገና አንዱን ዙር ሳይጨርሱ ዘነበች መቀነቷን እያጠበቀች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ወይኔ ጉዴ! እኔ አጠገብሽ እያለሁ! አጥር ለይቶን ሳልሰማ!»

መሬት ላይ ተዘረረች። እኔ በሆዴ «ናሆም ዘነበችንም አስገብቷታል፤ ጎበዝ ነው፣ ሙያዋን አውቆ ነው የሰጣት» አልኩ። ከኋላዋ የሰፈሩ ሴቶች ገቡ። ከሴቶቹ ኋላ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ሁሉም ፊታቸው ትክክለኛ የለቅሶ ፊት ነው። በየቀኑ የማያቸው ሰዎች እንዲህ ያለ ችሎታ እንዳላቸው ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ። ሐጂ ሸምሱ ምርኩዛቸውን እየተደገፉ ሲገቡ ግን ልነሳና ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝ። በዚህ ዕድሜያቸው! ቁጭ አሉ፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ዕንባው እውነተኛ ነበር። «ይኼ ሰው ሥራ ፈትቶ ነው እንጂ ትልቅ ተዋናይ ነው» አልኩ በሆዴ።

ጠጋ አሉኝ። «እኅቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስብሽ ለዕድርሽ አይነገርም? እኛ ምንሽ ነን?»

ዝም አልኩ። ታዝዣለሁ።

«ልክ ነሽ፤ ሐዘን አፍ ይይዛል» አሉና ወደ ድንኳኑ ዞሩ። «ይኼን ገመድ ማነው እንዲህ ያሰረው? ድንኳን ነው ወይስ ፍየል ነው የታሰረው?» ወንዶቹ ተነሥተው ገመዱን እንደገና ማሰር ጀመሩ።

የንፍሮ ብረት ድስት ገባ። «ንፍሮውን እንኳን አልረሳም» ብዬ ናሆምን በልቤ አመሰገንኩት። እሱ ደግሞ እንሰቱ ውስጥ ሆኖ በደስታ ሊያብድ ደርሷል፤ ንፍሮው የኔ ፈጠራ መስሎት አውራ ጣቱን ያነሳልኛል።

ልጃገረዶቹ ግን ለሴቶቹ አልተዋጡላቸውም። «እነዚህ ደግሞ ምን ዓይነት አለቃቀስ ነው የሚያለቅሱት? ተሰልፈው! ሰልፍ ሜዳ ነው?» አለች አንዷ። ዘነበች ተነሥታ ለቅሶውን ነጠቀቻቸው፤ በራሷ ዜማ፣ በጉራጊኛ፣ ደረቷን እየመታች። ናሆም «ተከተሏት! ተከተሏት!» እያለ በእጁ ይጮኻል። ሳክስፎኑም ከላይ ገባበት። የድንኳኑ ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ዛፉ ላይ ነው እንዴ የሚያለቅሱት?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የቅርብ ዘመድ ይሆናል» አሉ አጠገባቸው ያሉት። «ዝም በላቸው፤ ሐዘን የማያወጣው ቦታ የለም።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ቀጥሎ ዘነበች ወደኔ ዞራ እጇን ዘረጋች።

«ከተክሌ በቀር ማን አላት! ተክሌ የቆሼው! በርበሬ ነጋዴው ተክሌ! እኅትህን ለማን ጥለሃት ሄድክ!»

«ተክሌ!» ብለው ሴቶቹ ተቀበሏት።

አሰብኩ። ተክሌ የሚባል ሰው ኦፔራው ውስጥ የለም። በልምምድ ጊዜ አልነበረም። ሐጂ ሸምሱን አየሁ፤ አንገታቸውን ደፍተው «ደግ ሰው ነበር ተክሌ» ይላሉ። አንሶላው ሥር ያለው ሙሉጌታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጫማው ወጥቶ ይታየኛል። ታዲያ ተክሌን ምን አመጣው?

እኔ ስልክ ቤት ስሠራ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ሳያውቅ ደውሎ «እንዴት ነው?» ሲል፣ የወዲያኛው ወገን «ትንሽ አሞታል» ይላል። ከዚያ የሚያውቅ ሁሉ በምስጢር ይሰባሰባል። ለሰውየው ሰበብ ይፈጠርለታል፤ ስብሰባ አለ ይሉታል፣ ድግስ አለ ይሉታል። አስቀምጠው፣ ዙሪያውን ይዘው ነው የሚነግሩት። እኛ ሰፈር አንዷን ሴት «ቤት ልታስመርቂ ነው» ብለው አስጊጠው ወስደው ነው የባሏን መርዶ ያረዷት።

እዚያች ወንበር ላይ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ናሆም የሚባል አዘጋጅ፣ ኦፔራ የሚባል ነገር፣ ዛፍ ላይ የወጣ ሳክስፎን፣ «ፊትሽ ምንም አይልም» መባሌ፣ ጥቁር ልበሺ መባሌ፣ «ምንም ቢሉሽ አትመልሺ» መባሌ፤ ይህ ሁሉ ለካ መርዶ ነው! ተክሌ ሞቷል፣ ሰፈሩም እኔን ለማስቀመጥ ኦፔራ ፈጠረልኝ። «ሐጂ ሸምሱ እንዴት አድርገው አሰቡት!» አልኩ። ተክሌም ከደወለ ሰንብቷል።

አንድ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ የሳክስፎኑ መስሎኝ ነበር። የኔ ነበር።

እንዴት ያለ እንደነበር እኔ አልነግራችሁም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዎች ይነግሩኛል። ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። ድንኳኑ እጥፍ ሆኖ አለቀሰ። ዘነበች ብቻ ከድንጋጤዋ የተነሣ ለቅሶዋን አቁማ አየችኝ።

«ትችያለሽ እንዴ!» አለችኝ።

በናሆም ትእዛዝ መሠረት ማልቀስ አልነበረብኝም። እሱ ግን አዘጋጅ ነው፤ ጥሩ ነገር ሲያይ ትእዛዙን ይረሳል። ለኩሽናው ምልክት ሰጠ፣ ከበሮው መታ፤ ይኸ ደግሞ የሬሳው መነሻ ነው።

ሙሉጌታ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ሥር እንቅልፍ ወስዶት ነበር መሰለኝ፣ ከበሮውን ሲሰማ እንደ ሞላ ተስፈንጥሮ ተነሣ። አንሶላው ራሱ ላይ እንደተጠመጠመ፣ በዚያ በበርሜል ድምፁ፣ «ሳልነግርሽ ሞትኩኝ!» ብሎ አንባረቀው።

የቀረውን በቅደም ተከተል ለመናገር አስቸጋሪ ነው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሆነው። ድንኳኑ አንድ በር አለው፤ ሰዉ ግን በሁሉም በኩል ወጣ። ጉልበታቸውን አሟቸው ከተቀመጡበት ለመነሣት ሰው የሚደግፋቸው ሐጂ ሸምሱ ምርኩዛቸውን ጥለው አጥሩ ላይ ተገኙ። «ቢስሚላህ» የሚለውም «በስመ አብ» የሚለውም ባንድ ቀዳዳ ተጋፍተው ሾለኩ። ንፍሮው ተደፋ። አዲስ የታሰረው ገመድ ጠንክሮ ስለነበር አልተፈታም፤ ሸራው ግን ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ ወረደ። ሙሉጌታ «ምንም ቢፈጠር ዘፈኑን አታቋርጥ» ተብሎ ነበርና ሸራው ሥር ሆኖ ቀጠለ። ግቢዬ መሀል አንድ ነጭ ጉብታ እየተንቀሳቀሰ «ፍቅሬ ሆይ፣ ሚስቴ ሆይ» ይላል። ሳክስፎን ነፊው ከላይ ሆኖ ያጅበዋል፤ መውረጃ አጥቶ ነው።

እኔ አጥሩ ጋ ሄድኩ።

«ሐጂ፣ ተክሌ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

«ሬሳው ተነሥቷል! አንቺ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

ስልኬን አውጥቼ ቆሼ ደወልኩ። አነሣው።

«ሀሎ፣ ምነው?» አለ ተክሌ።

«ሞተሃል?»

«የለም። በርበሬ እያሰጣሁ ነው።»

«እንግዲያው ቀጥል» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ሄጄ የሬሳው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ።

ናሆም ሻርፑን እያውለበለበ መጣ። «ማዘርዬ! ታሪክ ሠራን! ተመልካች አጥር ዘሎ የሸሸበት ኦፔራ በዓለም ላይ የት አለ?»

«ድንኳኑ ተቀዷል» አልኩት።

በማግስቱ የዕድሩ ጉባኤ ተጠራ። ክሱ ግልጽ ነው፤ ሞት ሳይኖር ድንኳን አውጥታለች፤ ቅጣቱም በደንቡ መባረር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ያለ ዕድር ሞቼ አየሁት። ናሆምና ሙሉጌታ በጋሪ ይዘውኝ ሲሄዱ፣ ሙሉጌታ ሲዘፍን።

ተክሌ ነገሩን ሲሰማ ማለዳ ተነሥቶ ከቆሼ መጣ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ማን ማን አለቀሰልኝ?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀኝና ከጉባኤው በፊት ለማመስገን በየቤቱ ዞረ። አንዳንዱ በር ከፍቶ ሲያየው መልሶ ይዘጋል። ያልመጡትን ደግሞ «ከናንተ ቤትስ ይህን አልጠበቅሁም ነበር» እያለ ተቀየማቸው። ሐጂ ሸምሱን «ዱዓዎ ደርሶኛል» ሲላቸው ሻይ አስቀዱለት።

ጉባኤው ላይ መጀመሪያ ሙሉጌታ ተነሣ። ሊያግዘኝ ነበር የመጣው። «እኔ ለሠርጌ ስጠይቅ የከለከላችሁኝ...» ብሎ ሲጀምር ሰዉ ጮኸበት፣ ተቀመጠ። ናሆም መከላከያዬን በዜማ ሊያቀርብ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሱንም በሁለት ሰው አስወጡት። አንድ የመስቃን ገበሬ፣ እህል አምጥተው ለቅሶውን አይተው የገቡ፣ «ሞት ባይኖር ምን አስለቀሰን? ስለዚህ ሞት ነበር» ብለው ተከራከሩልኝ። ለጊዜው ጉባኤው ግራ ተጋባ። ተክሌ እጁን አወጣ።

«ሟቹ እኔ ነኝ። ቅሬታ የለኝም።»

«አንተ አባል አይደለህም፣ ተቀመጥ» አሉት ሐጂ ሸምሱ።

ከዚያ ዘነበች ተነሣች። ዘነበች የምትፈልገውን እስክታገኝ አትቀመጥም።

«እኔ የተናደድኩት በድንኳኑ አይደለም» አለች። «ድንኳን ይሰፋል። ይህችን ሴት ግን ተመልከቷት። ይህን ሁሉ ዘመን ‹አይወጣላትም› ብለን የሷን ድርሻ እኛ ስናለቅስላት ኖርን። ጉሮሮዬ የተበላሸው በማን ነው? ለእናቴ ለቅሶ እንኳን እንደ ፎቶግራፍ ተቀምጣ ነው የዋለችው። ለካ አላት! ለካ ደብቃው ነው! ሰምታችኋል አልሰማችሁም?»

«ሰምተናል!» አለ ጉባኤው ባንድ ድምፅ።

ሐጂ ሸምሱ ጢማቸውን ያዙ። አጥሩ ላይ ያሉበትን ሁኔታ እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው ያስታውቃል፤ ተስፋ ቆረጥኩ።

«ይህችን ሴት ብናባርር የሚጎዳው ማነው?» አሉ በመጨረሻ። «እሷ ሄዳ ዝም ብላ ትቀመጣለች። የለመደችው ነው። ስለዚህ አትባረርም። ድንኳኑን በገዛ እጇ ትሰፋለች። ቁልፉን ዘነበች ትረከባለች። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ለቅሶ ቤት ከፊት ተቀምጣ፣ ድምፅ አውጥታ ታለቅሳለች። መቻሏ ተረጋግጧል።»

«ሐጂ፣ በእስልምና ድምፅ ከፍ አድርጎ ማልቀስ አይወደድም እኮ» አለ አንዱ።

«የሙስሊም ቤት ዝም ትበል። የክርስቲያን ቤት ታልቅስ።»

እጄን አወጣሁ። በጉባኤው ላይ ተናግሬ አላውቅም ነበርና ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«በመባረርና በማልቀስ መካከል መምረጥ ይቻላል?»

«አይቻልም» አሉ።

ፍርዱ ጸና። ናሆም በሳምንቱ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ወልቂጤ ሄደ። እዚያ የሚያዘጋጀው ኦፔራ ስለ ሠርግ ነው አሉ፣ ማስታወቂያም አይለጠፍም። የወልቂጤ ሰዎች፣ የሠርግ ድንኳን ካያችሁ በግ ይዛችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ ዛፉን እዩ።

እኔ ሸራውን እየሰፋሁ ሳለ ዘነበች አጥሩን ተደግፋ መጣች።

«ነገ ከሰዓት ልምምድ አለን» አለችኝ።

«የምን ልምምድ?»

«ከግቢሽ ጀርባ ያሉት ሽማግሌ ታመዋል። ሳምንቱን አይዘልቁም እየተባለ ነው። ሰው ፊት እንዳታሳፍሪኝ።»

በማግስቱ ኩሽናዬ ጀርባ ቆመን ጀመርን። «ከሆድሽ አውጪው!» ትለኛለች። «ይኼ ለቅሶ ነው ወይስ ማዛጋት? እንደ ቅዳሜው! እንደ ቅዳሜው በይ!» አወጣሁት። እሷም አወጣችው። ሁለታችንም አንድ ላይ አወጣነው። ለካ አጥሩ ከሽማግሌው መኝታ ቤት መስኮት ጋር ፊት ለፊት ነው። ሰውየው ለማን እንደሚለቀስ ጠይቀው ለሳቸው መሆኑ ሲነገራቸው ከአልጋቸው ተነሥተው፣ ጫማቸውን አስመጥተው፣ እስከ አስፋልቱ ደርሰው ተመለሱ። አሁን በየቀኑ ይሄዳሉ። በቤቴ በኩል ሲያልፉ እርምጃቸውን ያፈጥናሉ።

ከፍርዱ ወዲህ ሰፈራችን ውስጥ አንድም ሰው አልሞተም። ሐጂ ሸምሱ አላህን ያመሰግናሉ። እኔ ደግሞ ራሴን።